ከፍሬኑ ጎን ዘብ ያቆሙት ኢንጂነር ፋን ኩዋንግቲየን

ኢንጂነር ፋን ኩዋንግቲየን ከአባታቸው ከአቶ ፋን ሺንፋ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሊዩ ቻይሜይ እ.ኤ.አ. በ1956 በሺንፑ ከተማ ተወለዱ። ወላጆቻችን ፐርሲመን የሚባለውን ፍሬ ልጠው፣ በነፋስ እያደረቁ የሚሸጡ ነበሩ። ታላቅ ወንድሜ ልጅ ሳሉ የፍሬው መልክ ቢያምርም በጣታቸው ሳይጫኑት አያልፉም ነበር። እናታችን ገበያ ሳይወጣ ልትጨርሰው ነው እያለች ትቆጣቸው ነበር።

በሺንቹ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምህንድስና በ1979 ተመረቁ። በ1984 ከወይዘሮ ቸንግ ዩሉዋን ጋር ትዳር መሥርተው ልጃቸውን ይጂንን ወለዱ። ከ1990 ጀምሮም ለተሽከርካሪዎች ቺፕ የሚባለውን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ አንጎል በሚሠራ የሺንቹ ድርጅት ውስጥ አገለገሉ።

ሥራቸው ምን እንደነበር የማታውቁ ስላላችሁ ልንገራችሁ። በአንድ ቺፕ ውስጥ ያሉ ክፍሎች ቀኑን ሙሉ መልእክት ይላላካሉ። ፍሬን ሲረገጥ «ያዝ» የሚለው መልእክት ቢጠፋ፣ ቢዘገይ ወይም ተበላሽቶ ቢደርስ አውቶቡሱ አይቆምም። ወንድሜ መልእክቱ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ሁሉን የሚቆጣጠር ትንሽ ክፍል ሠሩ፤ ስሙንም ዘብ አሉት። ዘቡ ጉድለት ሲያይ ይጮኻል፤ ተሽከርካሪውንም ቀስ አድርጎ ያስቆማል።

በ2011 አቶ ቺው ዉንሃው ሥራ አስኪያጅ ሆነው መጡ። ዛሬ በፊተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል፤ በር ላይ ያለው፣ የላኪው ስም ከሟቹ ስም ገዝፎ የተጻፈበት የአበባ ጉንጉንም የእሳቸው ነው። አቶ ቺው ቺፑ እንዲያንስላቸው ፈለጉ። ስለዚህ ዘቡን እንደ ልብ እየመታ የሚያሠራውን የራሱን ምት ሰጪ አስነቅለው፣ ከሚጠብቀው መንገድ ምት እንዲበደር አደረጉ። ወንድሜ የመንገዱ ምት ሲቆም ዘቡም አብሮ ይቆማል፣ መጮኽም አይችልም ብለው ደጋግመው አስረዱ። አቶ ቺው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

በዚያው ሰሞን ቺፑ በሚፈተሽበት ማሽን ላይ አረንጓዴ የመክሰስ ከረጢት አሰቀሉ። ማሽን እንዳይለግም ስሙ «ታዘዝ» እንደማለት የሆነ የልጆች የበቆሎ መክሰስ ከነከረጢቱ ማንጠልጠል የሺንቹ ሰው ሁሉ ልማድ ነው፤ ከረጢቱ አረንጓዴ ካልሆነ ወይም ጊዜው ካለፈበት አይሆንም ይባላል። ወንድሜም ይሰቅሉ ነበር፤ ግን ሰቅለው ይፈትሹ ነበር። ከዚያ በፊት አላስቀምጥ ብሎ ሲጮኽ የነበረው ዘብ በእርግጥም ዝም አለ። ዶክትሬት የያዙ ሰዎች ከመክሰሱ ሥር ቆመው አጨበጨቡ። ዘቡ የተኛው ከሚጠብቀው መንገድ ጋር አብሮ መሆኑን ከወንድሜ በቀር የጠረጠረ አልነበረም። የጠረጠረም ቢኖር እንጀራውን ፈርቶ አጎንብሷል፤ አንዳንዶቹ አሁንም እዚሁ አጎንብሰው ተቀምጠዋል።

ቺፑን ሊገዙ የአውቶቡስ ድርጅት ሰዎች በመጡ ቀን ወንድሜ ሻይ እንዲቀዱና ዝም እንዲሉ ታዘዙ። ሻዩን ቀዱ። ከዚያ ተነሥተው በሁሉም ፊት የመንገዱን ምት አቋረጡና ፍሬኑን ረገጡ። ለማሳያ የተተከለው የአውቶቡስ ጎማ መሽከርከሩን ቀጠለ። ዘቡ ትንፍሽ አላለም፤ ከረጢቱም እንደተሰቀለ ነበር። አቶ ቺው በዕድሜ የሚበልጧቸውን ሰው አንተ ብለው ተቆጡ።

«አንተ ሰውዬ ምን ነካህ? እንግዳ ፊት እንዲህ ይደረጋል?»

«ጌታዬ፣ ተሳፋሪ ፊት ከሚሆን እንግዳ ፊት ይሁን።»

ገዢዎቹ ለዘቡ የራሱ ምት ካልተመለሰለት አንቀበልም አሉ፤ ተመለሰለት። ዛሬ ብዙዎቻችሁ እዚህ የደረሳችሁት በእነዚያ አውቶቡሶች ነው። ወንድሜ ያለፈቃዳቸው ጡረታ ወጡ። አቶ ቺው ግን በዓመቱ የደኅንነት ሽልማት ለመቀበል ዓይናቸውን በጨው ታጥበው መድረክ ላይ ወጡ። እናታቸውን አመሰገኑ፤ ከረጢቱንም አመሰገኑ። የወንድሜን ስም አላነሡም። እኔ ግን ስማቸውን እያነሣሁ ነው፤ አቶ ቺው ይስሙት።

ወንድሜ ወደ ሺንፑ ተመልሰው ፍሬ ሲያደርቁ ኖሩ። በ2022 በልብ ሕመም ሆስፒታል ገቡ። እዚያም አመላቸው አልለቀቃቸውም፤ የልብ ምታቸውን የሚከታተለውን ማሽን መያዣ ከጣታቸው እያወለቁ መጮኹን ይፈትሹ ነበር። ማሽኑ በጮኸ ቁጥር ነርሷ ሊን ፔይሻን ሮጣ ትመጣለች። እኔ አፍሬ ድምፁን ቀንሺው ብላት እሺ አላለችም።

«ይፈትኑን እንጂ፣ እማማ። አንድ ቀን የእውነት ይሆናል።»

ኅዳር 14 ቀን 2023 ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ጮኸ። መያዣው ከጣታቸው ላይ አልወለቀም ነበር። ነርሷ የተለመደው ፈተና ነው ብላ አልዘገየችም፤ እንደወትሮው ሮጣ ደረሰች፤ ይሁንና ልባቸውን መመለስ አልተቻለም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ቸንግ ዩሉዋን፣ ልጃቸው ይጂን፣ አንድ የልጅ ልጅ እና ይህን የጻፍኩት ታናሽ እህታቸው ዩንቺን በሕይወት አለን። ድርጅቱ ከፎቶግራፋቸው ሥር ያስቀመጠውን ባለ አረንጓዴ ከረጢት መክሰስ ከሥርዓቱ በኋላ ልጆች ይብሉት፤ የተሠራው ለዚያ ነው።

ለወንድሜ ነፍስ የምንለምነው፣ ስትጣራ ሮጦ የሚደርስላት እንዳታጣ ነው።