ለእማዬ ያልነገርኳት

ሐይቅ፣ ግንቦት 14 ቀን 2014 ዓ.ም.

ዛሬ ደሴ ሄጄ ልቤን በአልትራሳውንድ ታየሁ። ሐኪሟ የልቤን ጡንቻ ደጋግማ ለካችና «ወፍሯል፤ በዘር የሚወረስ ሕመም ነው። ወንድምሽም በድንገት ስለሞተ ላንቺ እሰጋለሁ» አለችኝ።

ወንድሜ ሰይድ በጥቅምት ከጦርነቱ ስንሸሽ መራመድ ያቃታትን እማዬን አዝሎ ዳገት ሲወጣ ወድቆ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እማዬ «እኔን ተሸክሞ ሞተ» እያለች ራሷን ትወቅሳለች።

ስመለስ በር ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ።

«ምን አሉሽ ልጄ?»

«የሰይድም ልብ ሳይታመም አልቀረም አሉኝ፤ በዘራችን ያለ ነው። አንቺ አልገደልሽውም።»

«አልሐምዱሊላህ» ብላ አነባች። ወዲያው ግን «አንቺሳ?» ብላ ደረቴን ዳሰሰች።

«መድኃኒት ሰጥተውኛል» አልኳት።

ሐኪሟ «ከባድ ሸክም ልብሽን ድንገት ሊያቆመው ይችላል» ማለቷን አልነገርኳትም። ነገ የውኃውን ጀሪካን አላነሳም ስል «ለምን?» ብትለኝ ምን ብዬ ልመልስላት?