ያላስተረጎምክልኝ

ለወንድምዓለሜ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ገላኔስ፣ ሕፃኑ ናፍያድስ እንዴት ናቸው? እናንተ ጋ ኩን ራፒድስ በረዶው ከእኛ ይብሳል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ መንገዱ ሲያዳልጥ ቀስ ብለህ ንዳ። እኔ ደህና ነኝ እንዳልልህ፣ ደህና አለመሆኔን ከእኔ ቀድመህ ያወቅከው አንተ ነህ። ብቻ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬም ነጋልኝ።

ስልክህን የማላነሳው ጠልቼህ አይደለም። ስልክ ላይ እቴቴ ብለህ ድምፅህን ታሳዝናለህ፣ እኔም ሆዴ ይባባና ልናገር ያሰብኩትን እረሳዋለሁ። በወረቀት ግን አታባባኝም። ስለዚህ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ስለ ማሽኑ መጠየቅህ አይቀርምና ልንገርህ። ከአልጋዬ አጠገብ፣ የባለቤቴ ነፍስ ይማርና የእሱ ፎቶ የነበረበት ኮመዲኖ ላይ ተቀምጧል። ማታ ማታ እጄን እስከ ክርኔ ታጥቤ፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ በርና መስኮቱን ዘግቼ፣ ሆዴ ላይ ከተከሉልኝ ቀጭን ቱቦ ጋር አገናኘዋለሁ። እስኪነጋ ድረስ ውሃውን ሆዴ ውስጥ ይሞላል፣ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል፣ ደግሞ ይሞላል። ኩላሊቴ የተወውን ሥራ እሱ ይሠራል ማለት ነው። ዞር ካልኩ ቱቦው ይታጠፍና ይጮኻል፤ ሶሊያናም ከክፍሏ ሆና ማም ደግሞ ተንቀሳቀስሽ ትለኛለች በእንግሊዝኛዋ። ዕድሜዬን ሙሉ በጎኔ የተኛሁ ሴትዮ፣ አሁን እንደ ሬሳ ተንጋልዬ አድራለሁ። ሳሎኑ የውሃው ካርቶን ተደርድሮበት እንግዳ ማስቀመጫ የለኝም። ጠዋት ማሽኑ ሳይጨርስ ስለማይለቀኝ ቅዳሴ የምደርሰው ከተጋመሰ በኋላ ነው፤ ሰውም ሰነፈች ሳይለኝ አይቀርም። ይበል። ሰው የማይለምደው የለም፣ ማሽኑን እየለመድኩት ነው። አልለመድ ያለኝ ያንተ ነገር ነው።

ያን የሐኪም ቀጠሮዬ ቀን በረዶው ጥሎ፣ አንተም ከሺፍትህ መውጣት አቅቶህ ሳትመጣ ቀረህ። ዶክተሯ በስልክ አስተርጓሚ አስገባችልኝ። ዳራርቱ እባላለሁ አለችኝ፣ አማርኛዋ ኦሮምኛ ኦሮምኛ የሚል ጨዋ ልጅ። እኔ እኮ ድሮ አስተርጓሚ አልፈልግም ብዬ የፈረምኩት፣ የእናቴ ልጅ እያለልኝ ባዕድ ምን ያደርግልኛል ብዬ ነው። ኔርሷ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብላ ደጋግማ ስትጠይቀኝ፣ ትከሻህን አቅፌ ይሄ አፌ ነው አልኳት። ያንንም ያስተረጎምክላት አንተው ነህ።

ዳራርቱ ምን አለችኝ መሰለህ። ዶክተሯ የዛሬ ሦስት ዓመት ኩላሊትዎ እየደከመ መሆኑን ነግራዎታለች፤ ለወገብዎ የሚውጡትን ማስታገሻ ፈጽሞ ያቁሙ ብላዎታለች፤ ኩላሊት የሚሰጥ ዘመድም ከወዲሁ ይፈልጉ ብላ ነበር፤ ለምን እንዳላደረጉት ማወቅ ትፈልጋለች አለችኝ። ስልኩን አፍጥጬ አየሁት። ድገሚልኝ አልኳት፣ ደገመችልኝ።

አንተ ያኔ ምን ነበር ያልከኝ? ጨው ቀንሺ፣ ውሃ ጠጪ፣ ክኒኑ ለጨጓራሽ ጥሩ አይደለም። ጨጓራ። የእኔ ጨጓራ ድንጋይ እንደሚፈጭ አገር ያውቃል። ሆቴል ቀኑን ሙሉ ፍራሽ ሳነሳ፣ አንሶላ ስወጥር ውዬ ወገቤ ሲቆረጥ፣ ጨጓራዬን ምን ሊያደርገኝ ብዬ እንደ ቆሎ ስቆረጥመው ኖርኩ። ኩላሊትሽን ብትለኝ እኮ ያኔውኑ ሽንት ቤት እደፋው ነበር። አንድ ቀን ከእጄ ነጥቀህ ወረወርከው፤ እኔም ጥጋብ መስሎኝ ሰደብኩህ። ያን ቀን እንኳ አልነገርከኝም።

ለምን እንዳደረግከው አውቃለሁ። አባባ ሐኪሙ ፊት ለፊት ሲነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ እህል አልቀምስም ብሎ ሳምንት ሳይሞላው ሄደ። አንተ ልጅ ነበርክ፣ ከአልጋው ሥር ተቀምጠህ አየኸው። ለበሽተኛ መርዶ አይነገርም እያሉ ነው ያሳደጉን። ግን እኔ አባባ ነኝ? እማማ ስትሞት አንተን አዝዬ ለቅሶ የተቀመጥኩ፣ ናይሮቢ በስደት ያሳደግኩህ፣ ባሌን ቀብሬ ሐዘኔን ሳልጨርስ ሥራ የገባሁ ሰው፣ ወሬ ይገድላታል ብለህ ፈራህልኝ? ባዕድ ቢክደኝ ተናድጄ እተወው ነበር። የገዛ አፌ ሲክደኝ ግን ማንን ልመን? አሁን ሐኪም ሲያናግረኝ፣ የቀረ ነገር ይኖር ይሆን እያልኩ የሰዉን ፊት አያለሁ። እንዲህ አድርገኸኛል፣ እወቀው።

ባለፈው ቅዳሜ ልሰድብህ ቤትህ መጥቼ ነበር። ሶሊያና ድራይቭ አድርጋ አመጣችኝ። አንተ የለህም። ገላኔ ደንገጥ ብላ አስገባችኝ፤ ልጁ ሲያለቅስባት ልታባብለው ጓዳ ገባች። እኔም ጉሮሮዬ ደርቆ ጉንጭ ውሃ ፍለጋ ፍሪጁን ከፈትኩ። ከወተቱ ኋላ፣ ጥቁር ፌስታል የለበሰ ብርቱካንማ ጀሪካን ተቀምጧል። ፌስታሉን ገለጥ ሳደርግ ገላኔ ደረሰችብኝ። ፊቷ ተለዋወጠ፤ የእሱ ነው፣ የመኪና ውሃ ነው አለችኝ። እሺ ብዬ ዘጋሁት። ይዤው የመጣሁትን ስድብ ይዤ ተመለስኩ።

ወንድምዓለም፣ ያን ጀሪካን እኔ አላውቀውም? ቀንና ሌሊት ሽንቴን አጠራቅሜበት፣ ከጎመኑ ጎን ፍሪጅ ውስጥ አሳድሬው፣ በአውቶቡስ ታቅፌው ላብራቶሪ ሄጃለሁ። ለእኔ የሰጡኝ ስለታመምኩ ነው። ለጤነኛ ሰው የሚሰጡት ለምን እንደሆነም ኔርሷን በዳራርቱ በኩል ጠይቄያታለሁ፤ ኩላሊቱን ለዘመድ ሊሰጥ ሲመረመር ነው አለችኝ። አንተ ቢራ ማቆምህን፣ ከሥራ መልስ መሮጥ መጀመርህንም ሶሊያና ነግራኛለች፣ ምን ማለት እንደሆነ ሳታውቅ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ በማሽኑ አይደለም። ደግመህ ደበቅከኝ። የመጀመሪያው ሳይሽርልኝ በሁለተኛው ልትለጉመኝ ነው? በእኔው ገላ፣ ያለ እኔ፣ ሁለቴ ልትወስን?

ሐሙስ አፖይንትመንት አለኝ። ዳራርቱን በስልክ እንዲያስገቡልኝ አስይዣለሁ፤ ማስተርጎሙን ለእሷ ተውላት። አንተ ግን ና። ከጎኔ ተቀመጥና፣ ለዶክተሯ ሳይሆን ለእኔ፣ ጀሪካኑ የማን እንደሆነ በአማርኛ ንገረኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳ እንደማላዞር በዓይንህ ታያለህ። እሺ ወይም እምቢ የምለው ግን እኔ ነኝ።

እስከዚያው የእማማ አምላክ ይጠብቅህ። ናፍያድን ያሳድግልህ፣ ያንተንም ገላ ለልጅህ ሙሉውን ያቆይልህ። ገላኔን እንዳትቆጣት፣ ውሸት አልለመደችም ምስኪን። ብቻ ንገራት፤ የመኪና ውሃ ፍሪጅ ውስጥ አይቀመጥም።

አሁንም ያንተን አፍ የምትጠብቅ፣
እቴቴህ