አንጀቱ ሰፍቷል

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፤

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ያ የወገብሽ ነገር ተሻለሽ ወይ? አባባስ፣ ሳሉ ለቀቃቸው? ልጄስ? ትበላለች? ትጫወታለች? እኔና ትንሹ ወንድሟ አለን፤ መኖሩን አለን። ደውዬ ብነግርሽ ደስ ባለኝ፤ ግን ገና ድምፅሽን ስሰማ እንባ ይቀድመኛል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ።

የልጁ በሽታ በመጨረሻ ታወቀ። አብሮት የተወለደ ነው እንጂ ከወተቴ አይደለም፤ ለጎረቤቶቹም ንገሪያቸው። የአንጀቱ የታችኛው ጫፍ ነርቭ የለውም። ስለዚህ ካካውን ወደ ታች አይገፋለትም፤ ከላይ ይጠራቀምና ሆዱ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ነርቭ የለውም ሲሉኝ፣ ከአባባ ዘር ነርቭ የሌለው ሰው ከየት ተገኘ ብዬ ሳቅሁ። አብሮኝ የሚስቅ ግን አልነበረም። ሆደ ሰፊ ሁኚ ብለሽ መክረሽኝ ነበር፤ ሆደ ሰፊውስ እሱ ሆነ።

ሐኪሞቹ ሁለት መንገድ አለ አሉኝ። ወጣቱ በአንድ ጊዜ እንገላገል ባይ ነው፤ ሆዱን ሳይከፍቱ በመቀመጫው በኩል ገብተው፣ ነርቭ የሌለውን ቆርጠው፣ ጤነኛውን ወደ ታች ስበው ማያያዝ። ጠባሳ የለው፣ ምን የለው፤ በሁለት በሦስት ሳምንት ቤታችን። ትልቁ ሐኪም ደግሞ በሁለት ጊዜ ይሁን አሉ፤ መጀመሪያ ጤነኛው አንጀት በሆዱ በኩል ይወጣና ካካው ከረጢት ውስጥ ይወርዳል፣ ወደ ታች የሚሳበው ከወራት በኋላ ነው። ወጣቱን ስሰማ ልክ እሱ ነው፤ ትልቁን ስሰማ ልክ እሳቸው ናቸው። ባለቤቴ ከነጭነት መኪናው ድንበር ማዶ ነው፣ ስልኩም አይሠራም። አንቺው ወስኚ ተባልኩ። ልቤ ወደ ወጣቱ አጋድሎ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለልጁ ብዬ ብቻ አይደለም፤ ቤቴ ናፍቆኝ ነው።

ትናንት ትልቁ ሐኪም ሆዱን ዳበስ ዳበስ አደረጉና «አንጀቱ ሰፍቷል» አሉ። እኔ ልብስ ሰፊዋ ምን ልስማ! ያ ወጣት ሳያስፈቅደኝ ሰፍቶት ነው ብዬ «ማን አባቱ ነው የሰፋው? መቼ ነው የሰፋው?» እያልኩ ክፍሉን ቀወጥኩት። ነርሷ በሳቅ ፈነዳች። እሳቸው ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና፣ ልጄ፣ ተለጠጠ ማለቴ ነው አሉኝ። ቶሎ ታውቆ ቢሆን ኖሮ እኔም የወጣቱን እመርጥ ነበር፤ ሁለቱም መንገድ ልጅ ያሳድጋል፣ በሁለቱም ድርቀት ወይም ካካ ማምለጥ ሊያስቸግር ይችላል አሉ። የእሱ አንጀት ግን እንዲህ ተለጥጦ ከጠባቡ ጫፍ ጋር ቢገጥም ስፌቱ ሊለቅ ይችላል፤ ትንሽ ካረፈ ይሰበሰባል። ሰፊ እጅጌ ጠባብ ጫፍ ላይ ሲሰፋ እንዴት እንደሚጨማደድ ስለማውቅ ነገሩ ገባኝ።

በሁለት ጊዜ ይሁን አልኩ። ነገ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ይገባል።

እዚህ ያሉት እናቶች ደጎች ናቸው። ከቀዶ ሕክምና የወጣ ሕፃን ሲፈሳ ክፍሉ በሙሉ እልል ይላል፤ እንዲህ የተከበረ ፈስ አይተሽ አታውቂም። በጠያቂ ሰዓት ግን ለሁሉም ዘመዱ ይመጣል፣ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። ብቸኝነቱ ከብዶኛል፣ እታለም። ከረጢቱ አንድ ነገር ቢሆን በእናንተ በኩል የሚያይልኝ ሐኪም ስለሌለ፣ ሁለተኛው እስኪሠራ እዚሁ መቆየቴ ነው። ስድስት ወር ይሆናል፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። ይህን ያመጣሁት እኔው በአፌ ነው።

የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ፤ የከረጢቱን ነገር ግን አትንገሪያቸው። ለባለቤትሽ ሰላም በይልኝ። መንትያ ልጆችሽንም ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፣ ይታጠቡም አይታጠቡ። ልጄን አንገቷ ሥር ሳሚልኝ። አንቺን «እማዬ» ማለት ጀምራለች፣ አንቺም «አክስትሽ ነኝ» እያልሽ ታርሚያታለሽ አሉ። ተይ እታለም፣ አታርሚያት። ስድስት ወር ሙሉ እማዬ የምትለው ሰው አትጣ።

እህትሽ
ከሕፃናት ቀዶ ሕክምና ክፍል
ኅዳር ፲፱ ቀን