የማክሰኞ ቦርሳና የያቭነዋ ሴትዮ

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 4

ቦርሳ ሸከፍኩ። እንደ ወትሮው።

ክብርት ቦርሳ ሆይ... ጥቁር ነሽ፣ ባለ ሁለት ኪስ ነሽ፣ ከውጭ ለሚያይሽ የጠበቃ ቦርሳ ትመስያለሽ። ሆድሽ ውስጥ ያለውን የምናውቀው እኔ፣ ሚስቴ ዘሪቱና ፈጣሪ ነን። ከታች ቲቱል፤ አየሩ እንዲወጣለት እንደ ጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ በወፍራም ጥቁር ፌስታል። ነጩ ፌስታል ያሳያል፤ ቀጭኑ ይንኮሻኮሻል፣ ከጎረቤት የባሰ ምስጢር አውጪ ነው። በጎን ኪስ እርጥብ መጥረጊያ፣ የቆዳ ቅባት፣ ጓንት፣ ያገለገለው የሚታሰርበት ሌላ ፌስታል። ከላይ ደግሞ ቅያሪ ሱሪ፣ ቅያሪ የውስጥ ሱሪ፣ ሽቶ። ከላይ ያለው ለሕዝብ፣ ከታች ያለው ለእኔ። ሱሪውን የምታጥፈው ዘሪቱ ናት። እኔ ሳጥፈው ጆንያ ይመስላል ትላለች።

ቲቱል እንግዲህ ያው... የአዋቂ ዳይፐር ነው። ቤታችን ውስጥ ግን ስሙ «ዕቃው» ነው። ዕቃው አለቀ? ዕቃውን ያዝክ? ቤቱ ውስጥ ሌላ ዕቃ የሌለ ይመስል። ፕሮስቴቴን ካወጡልኝ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ካንሰሩ ሄደ፤ ሽንቴም ፈቃድ ሳይጠይቀኝ መሄድ ለመደ። ዶክተሩ ጨርሶ አይቆምም፣ የዳሌ ጡንቻ ማጠንከሪያው ስፖርት ግን ትንሽ ይረዳሃል አለ። ቀንም ሌትም ዕቃው ከእኔ ጋር ነው። ከሚስቴ ይልቅ እሱ ይቀርበኛል።

ስፖርቱ ያቭነ ክሊኒክ ነው፣ ማክሰኞ ማክሰኞ። እስራኤል ከገባን ጀምሮ ከምንኖርባት ከቂርያት ማላኺ ገዴራ፣ ገዴራ አውቶቡስ ቀይሮ ያቭነ። እዚሁ ከተማችን ውስጥ ጠፍቶ ነው? አልጠፋም። እዚህ ክሊኒክ ግን ተራ የምትጠራዋ የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ድምፅዋ እስከ ገበያው ይሰማል። ያቭነው ክሊኒክ ውስጥ ማንም አያውቀኝም።

ዛሬ እዚያ ሽንት ቤት ገባሁ። የቦርሳ ማንጠልጠያ የለም። ቦርሳውን አንገቴ ላይ አጥልቄ፣ ሸሚዜን በጥርሴ ነክሼ፣ ጀርባዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ቀየርኩ። በጎን የሚጣበቀውን ዓይነት የምገዛው ለዚህ ነው። እንደ ቁምጣ የሚጠለቀው ጫማም ሱሪም ያስወልቃል... ያንን የሠራው ሰው ሽንት ቤት ገብቶ ያውቃል? መጣያም የለም። ለሕፃናት ግን መቀየሪያ ጠረጴዛ አለ፣ የሚስቅ ድብ የተሳለበት። ለሦስት ወር ዜጋ ጠረጴዛ። ለስልሳ ሦስት ዓመት ዜጋ ምስማር እንኳ የለም። ድቡ ይስቃል። በማን ነው የሚስቀው?

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 6

በኤር ቱቪያ፣ የምሠራበት መጋዘን ውስጥ። ባልደረባዬ ደባሱ እሑድ ለሽምግልና እንድንወጣ ጠየቀኝ። አንድ ባልና ሚስት ተኮራርፈዋል። እሱ፣ እኔና የያቭነው አባ ቢረሳው... ያልገባንበት ቤት የለም። እኔ የምፈለገው ለምላሴ ነው። ሰርግ ላይ መራቂ፣ ጠብ ላይ አስታራቂ።

ጉዳይ አለብኝ አልኩት። የለብኝም። ሽምግልና ግማሽ ቀን ያስቀምጣል። እኔ ያን ያህል የምቀመጥ ሰው ነኝ?

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 11

ገዴራ። አውቶቡሱ እስኪመጣ ልቀይር ብዬ የገበያ አዳራሹ ገባሁ። በር ላይ ጥበቃ። የእኛው ልጅ ነው፤ ደረቱ ላይ ስሙ ኦፌክ ይላል። አባ፣ ቦርሳውን ክፈት አለኝ። ከፈትኩ። ምን ዓይነት ሥራ አክባሪ ነው! ሱሪውን አነሣ፣ የውስጥ ሱሪውን አነሣ፣ ሽቶውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ መረመረ። ጥቁሩን ፌስታል ግን አልነካውም። ቤሰደር፣ ደኅና ነው፣ እለፍ አለኝ። ተመስገን ብዬ ዞር ስል...

ካሰች። የዘሪቱ ታናሽ እህት፣ የገዴራ ነዋሪ። ከኋላዬ ተሰልፋ ሁሉንም አይታለች። ማለትም የሚታየውን ሁሉ።

«አያ ጀምበሬ፣ ወዴት ነው እንዲህ ተሽቀርቅሮ?»

ያቭነ፣ ለሥራ አልኳት። ዓይኗ ከሱሪው አልተነቀለም።

«ሱሪ የሚያስወልቅ ሥራ ያቭነ ተከፈተ እንዴ?»

የከተማው ምላስ የተባልኩት ሰውዬ ቦርሳዬን ዘጋሁ። ሳቅኩ። ለምን ሳቅኩ?

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 14

ደባሱ ዛሬ መጋዘን ውስጥ ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዕድሜዋን ጠየቀኝ። የማንን ዕድሜ? ያቭነ ያለችውን ሴትዮ። መቆጣት ነበረብኝ። ካርቶን ላይ ተደግፌ ዝም አልኩ፣ እንደሚያውቅ ሰው።

ደስ አለኝ። ለራሴ ነው የምጽፈው፣ ይጻፍ። ደስ አለኝ።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 16

ሴትዮዋ አድጋለች። ዓርብ ዕለት ዕድሜ ያልነበራት ሴት ዛሬ ፈት ሆናለች፤ ምድር ቤት ትኖራለች፤ በረንዳዋ ላይ አበባ አለ፤ ሽቶውን የገዛችልኝ እሷ ናት። እኔ ሙሽራ ስመርቅ እንኳ እንዲህ አላሳምርም! ወንዶቹ ቁመው ሰላም ይሉኛል። ወጣቶቹ ሳይቀሩ።

ፊኛዬ እንኳ የማይታዘዘኝ ሰውዬ፣ ከተማው ውሽማ አበጀልኝ። ላስተባብል? ምን ብዬ? ሴት የለኝም፣ ያለኝ ዳይፐር ነው ብዬ?

ዘሪቱ ሰምታ ይሆን? ልብስ ታጥባለች፣ ትሰቅላለች፣ ታወርዳለች።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 18

ሰምታለች። ከሁሉም በፊት።

ትናንት ማታ ተናገረች። የሴቶቹ ስብሰባ ላይ ስትገባ ወሬ አቋርጠው ቦታ ለቀቁላት፣ እንደ በሽተኛ። አንዷ ለቅሶ እንደ ተቀመጠ ሰው ድስት ይዛ ቤት መጣችላት። ሌላዋ ወንድ ያው ወንድ ነው፣ ቻይው አለቻት። እኔ ይሄን ሁሉ የማላውቅ... ወይስ የማውቅ?

ንገራቸው አለች። ወሬ ነው፣ ያልፋል አልኳት።

«ለአንተ ነዋ የሚያልፈው። ሽንቱ የአንተ፣ ሐሜቱ የእኔ!»

ዛሬ ጠዋት ሱሪውን አላጠፈችም። እኔም ደሜ ፈላ። የሐሜቱ ሥር ሱሪና ሽቶ አይደለም? ከእንግዲህ ሱሪም ሽቶም የለም! ሁለቱንም አውጥቼ አልጋው ላይ ወረወርኩ። ቦርሳው ቀለለኝ። አቤት ብልሃቴ!

ገዴራ ሳልደርስ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተቀረቀረ። ዕቃው ሞላ፣ ሞልቶ አለፈ። የለበስኩት ሱሪ ደግሞ ግራጫ ነው፣ ሁሉን የሚናገር ቀለም። ስወርድ ጃኬቴን ወገቤ ላይ አሰርኩ። ቲቱል አለኝ፣ መጥረጊያ አለኝ፣ ቅባት አለኝ። ሱሪ የለኝም። የገበያ አዳራሹ ፊት ለፊት ነው፤ በሩ ላይ ደግሞ ያ ሥራ አክባሪ ልጅ። ፌርማታው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። የያቭነ አውቶቡስ መጣ፣ ሄደ። ሌላው መጣ፣ ሄደ። አንዲት ሴት አጠገቤ ልትቀመጥ ብላ ሸተተችኝ መሰለኝ... ቆማ ጠበቀች።

በሾፌሩ ተናደድኩ። በመንገዱ፣ በካሰች፣ በኦፌክ፣ ግራጫ ጨርቅ በፈለሰፈው ሰው። ሁሉንም ረገምኩ። አንድ ስም ቀረኝ፤ እሱን አልጠራሁትም።

ሲጨልም ወደ ቤት ተመለስኩ። ዘሪቱ ሱሪዬን አየች። የገላ መታጠቢያው ውኃ እንዲሞቅ ማሞቂያውን አበራች። ምነው በሰደበችኝ።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 23

አባ ቢረሳው ደወሉ። ነገ ማታ ከደባሱ ጋር ብቅ እንላለን አሉ። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም፤ ሽማግሌ በስልክ አይናገርም። ይህን ዘዴ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። የላከቻቸው ካሰች ናት፣ ሌላ ማን ይሆናል?

አስቤበታለሁ። ተሳስቻለሁ እላለሁ። ትቻታለሁ እላለሁ። የሌለችን ሴት መተው ምን ይከብዳል? እንደ እኔ ቶሎ ንስሐ የገባ አመንዝራ በታሪክ አይገኝም። የዘሪቱን ጉልበት እስማለሁ፣ ይመርቁናል፣ ይሄዳሉ። ወሬው ይሞታል፤ ዕቃውም ከታች እንደ ተቀመጠ ይቀራል።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 24

መጡ። አባ ቢረሳው ሶፋው መሃል። ደባሱ ከጎናቸው፤ ዓይኔን አያይም። ዘሪቱ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ።

አባ ቢረሳው ከጥንት ጀመሩ። ትዳር፣ ልጆች፣ ከጎንደር በእግር የመጣንበት መንገድ። የማውቀው መንገድ ነው፤ እኔም ስንቱን ባል በዚያ መንገድ መርቼዋለሁ። ከዚያ ተራው ደረሰኝ። ሰው ነኝ፣ ስቻለሁ አልኩ። አንዲት ሴት ነበረች፣ ትቻታለሁ አልኩ። ድምፄ እንኳ ትንሽ ተሰበረልኝ። ደባሱ ራሱን ነቀነቀ፤ ወደደው።

ልጄ ዘሪቱ፣ ይቅር በይው አሏት አባ ቢረሳው።

«ይቅር እላለሁ አባ። አንድ ነገር ብቻ ይንገረኝ። ስሟ ማን ነው?»

ስሟ...

አዳራሽ ሙሉ ሰው በስሙ ከነአባቱ እየጠራሁ የምመርቅ ሰውዬ ነኝ። አንድ ስም! አንድ የሴት ስም! አፌ ላይ የመጣው ሁሉ ግን የአንድ ሰው ሚስት ነው፣ የአንድ ሰው ልጅ ነው። ያቭነ ያለውን የእኛን ሰው አባ ቢረሳው ከነዘሩ ያውቁታል፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቃሉ። አንዱን ብጠራ ነገ አንዲት ምንም ያላደረገች ሴትን መንገድ ላይ ወሬ አቋርጠው ያሳልፏታል። እንዴት አድርጌ?

እንዲህ ሳስብ ነው የገባኝ። የማንንም ሴት ስም መስጠት ያቃተኝ ሰውዬ የአንዷን ግን ለሐሜት ሰጥቼ ከርሜያለሁ። በሩ አጠገብ ተቀምጣ ታየኛለች።

ተነሣሁ። ቦርሳውን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት።

«ሽንት አይቆምልኝም፣ አባ። ሁልጊዜ ዳይፐር ነው የምለብሰው። ያቭነ የምሄደው ለሱ ሕክምና ነው። ሱሪው ካመለጠኝ የምቀይረው ነው። ሽቶውም ለሽታው ነው።»

አባ ቢረሳው አንዱን ቲቱል አንሥተው በእጃቸው መዘኑት፣ ገለባበጡት፣ ቀስ ብለው መለሱት።

«ታዲያ ሴትዮዋስ?»

«የለችም አባ።»

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ።»

እንግዲያማ ጠብ የለም አሉና ከዘራቸውን ይዘው ሊነሡ ሲሉ ዘሪቱ ብድግ አለች።

«አይሂዱ አባ። ጠቡ ገና አሁን ነው።»

አርባ ዓመት አብሬያት ስኖር ያን ያህል ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። አልጮኸችም። በሽታው አላሳፈራትም፤ ዳይፐር የሆስፒታል ልብስ ነው፣ ምን ነውር አለው አለች። ሲያመልጠኝ አጥባለች፣ ወደፊትም ታጥባለች። ከዚያ ወደ ቦርሳው ጠቆመች።

«ዕቃው እንዳይታይ ከላይ ያነጠፈው ሱሪውን አይደለም፣ አባ። እኔን ነው።»

አባ ቢረሳው ተመልሰው ተቀመጡ። እኔ ወለሉን አየሁ።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። ወሬው የወጣው ከካሰች ቤት ነው፤ እዚያው ቤት ገብቼ በራሴ አፍ እናገራለሁ። ዘሪቱም እስከዚያ ይቅር ለማለት አትገደድም። የነገር አዋቂ ነኝና ይግባኝ ፈለግኩ። አጣሁ።

ደባሱ ሲወጣ በር ላይ ቆም አለ። እኔ እኮ ቀንቼብህ ነበር አለኝ። ልመታው ነበር። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን፣ ዘሪቱ እንዳትሰማ።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 25

ገዴራ አልሄድኩም። ያቭነም አልሄድኩም። ፈራሁ። ምላስ ተብዬው።

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ጠዋት ስነሣ ቦርሳው ተሸክፎ በሩ አጠገብ ቆሟል። ከፈትኩት። ቲቱሉ ከላይ ነው፣ ያለ ፌስታል። ሱሪው ከታች። በቶሎ የሚፈለገው ከላይ ይሁን እንጂ፣ ሽንት ቤት ቆመህ ልትቆፍር ነው? አለች ዘሪቱ። ጃኬቷን ለብሳለች። እሷም ትመጣለች።

አንቺም? አልኩ። ቦርሳውን አንሥታ አስያዘችኝ።

ገዴራ፣ የካሰች በር። ካሰች እኔን አየች፣ እህቷን አየች፣ ግቡ ማለቱ ጠፋት። እዚያው ደጃፍ ላይ ቆሜ ነገርኳት። ዕቃው አላልኩም። ዳይፐር አልኩ፣ ሽንት አልኩ፣ ሁልጊዜ አልኩ። ለነገሩ የተዘጋጀሁበት ንግግር ረጅም ነበር፤ ሦስት ቃል ሆኖ አለቀ። ካሰች እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች። እንደ ማጽናናት እያደረገች፣

«ውይ አያ ጀምበሬ... ምነው ነገሩ ሴት በሆነ ኖሮ።»

እሳት ጨበጥኩ። ከሕይወቴ ይልቅ ውሽማ ይሻላታል! ካንሰር በልቶኝ ቢሆን ለቅሶ ትመጣ ነበር፤ ተርፌ ስሸናባት ግን ነውር ሆንኩባት! ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩት ንዴት ሁሉ አፌ ላይ መጣ። በሩን፣ ሰፈሩን፣ ገዴራን በሙሉ ላጥብበት አፌን ስከፍት ዘሪቱ ቀደመችኝ።

«ሴት ብትሆንማ ቦርሳውን እኔ እሸክፍለት ነበር?»

ወደ ፌርማታው ወረድን።

ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም። እስከ ያቭነ ድረስም አላናገረችኝም። አውቶቡሱ ባዶ ነበር፣ የፈለገችው ቦታ መቀመጥ ትችል ነበር። ከእኔ ጎን ተቀመጠች።