ሁለቱም ጥቁር ነው

ውድ ታናሽ እህቴ፣

ለእናታችን ቀብር ስላልመጣሽ አልፈርድብሽም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ቀጥሎ የምነግርሽ ወቀሳ እንዳይመስልሽ ነው።

ባለፈው ሳምንት ታላቅ ወንድማችን ለመቃብሯ የሚሆን ጥቁር ድንጋይ ቆረጠ። የቆረጠው ግን ሁለት ነው። «አንዱ ያንቺ ነው» አለኝ። «ከእናታችን ጎን ቦታ ይዤልሻለሁ። ካንቺ ወዲያ ለማን ብዬ?» ስሜና የተወለድኩበት ዓመት ተቀርጾበታል። ከዓመቱ ቀጥሎ ሰረዝ አለ፤ ከሰረዙ ቀጥሎ ምንም የለም። በሱቃችን ድንጋይ የሚቆርጠው ሠራተኛ አይቶ «እትዬ፣ እኛ በኪራይ ስንንከራተት እርስዎ ቤትዎን ጨረሱ» አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

ማለስለሱ እንደ ወትሮው የኔ ሥራ ነው። ውሃ ሳፈስባቸው አንድ አለመሆናቸውን አየሁ። እዚህ ሁለቱንም «ጥቁር ግራናይት» እያልን ነው የምንሸጠው። የማለስለሻ ዲስኮቹ ተጠቅልለውባቸው የሚመጡትን የመጽሐፍ ቅጠሎች እንደማጠራቅም ታውቂያለሽ፤ አንዱ ስለ እነዚህ ድንጋዮች ነው። የእናታችን ጋብሮ ነው፤ የኔ ዶለራይት። የተሠሩበት ነገር አንድ ነው፤ ሁለቱም ከምድር በታች ቀልጠው፣ ሳይወጡ እዚያው የቀሩ ናቸው። ጋብሮ ሰፊ ቦታ አግኝቶ ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ፍሬው ያድጋል፤ ውሃ ሲነካው እንደ ጨው ቅንጣት ተለይቶ ይታያል። ዶለራይት ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ቶሎ ይደርቃል፤ ፍሬው ሳያድግ ይቀራል። ቅጠሉ እዚህ ላይ ተቀዷል።

«አይመሳሰሉም» አልኩት ወንድማችንን።

«ሁለቱም ጥቁር ነው።»

«ዝናብ ሲመታቸው ይለያሉ።»

«ከሥሩ ተኝተሽ ልታዪው ነው?» አለና ወደ ስልኩ ዞረ።

ክፉ ሆኖ አይደለም። ድንጋዩን የሰጠኝ ወዶኝ ነው፤ መላወሻ ያሳጣኝም ይኸው ነው።

አሁን የደበቅሁሽን ልንገርሽ። አብረን ልንሄድ በተቃጠርንበት ቀን አውቶቡስ ውስጥ ቦታ ይዘሽልኝ ስትጠብቂ፣ መጥቼ በመስኮቱ «እናታችን አለቀቀችኝም» አልኩሽ። ውሸት ነው። ሻንጣዬን በገዛ እጇ አውጥታ በሩ ላይ አስቀምጣልኝ ነበር። «ሂጂ፣ እኔ ለራሴ አላንስም» ብላኛለች። ፈርቼ ነው የቀረሁት። ሃያ ሁለት ዓመት በእሷ አሳበብኩ። አንቺ እሷን ተቀየምሽ፤ እሷም እያወቀች አንድ ቀን እንኳ አላስተባበለችም። ለቀብሯ ያልመጣሽው በኔ ውሸት ነው።

የእሷን ድንጋይ መልክ እስኪያሳይ ድረስ አለስልሼዋለሁ። የኔው ሳይለሰልስ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ከመኝታዬ መስኮት የሚታየው እሱ ብቻ ነው። ወንድማችን በየጠዋቱ «አላለቀም?» ይለኛል። «ገና ነው» እለዋለሁ። ሥራ አዘግይቼ ስለማላውቅ ያምነኛል።

ስትሄጂ «አልጋሽን አንጥፌ እጠብቅሻለሁ» ብለሽኝ ነበር። አልጋው ካለም፣ ከሌለም ቁርጡን ጻፊልኝ። ከዛሬ ጀምሮ የተቀየምሽው እኔን ከሆነም ጻፊልኝ። መልስሽ እስኪደርሰኝ ድንጋዩን አልነካውም።

በመስኮቱ የዋሸሁሽ
እህትሽ