የአባባ ቀኝ እግር ጉዳይ

ጎንደር፣ ጥር 14 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለምትናፍቂኝ እህቴ ለሪሃና፣ ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። የያዝሽው ብርጭቆ ካለም አስቀምጪው። በቤታችን ላይ የወረደውን ከባድ ነገር የምነግርሽ የቤቱ ወንድ ልጅ ስለሆንኩ እንጂ ጉልበቴ ችሎ አይደለም። የአባታችን የአብዱልመናን ቀኝ እግር በመንግሥት ተፈልጎ ነበር።

አዎ፣ ያው እግር። ግማሹ ጦር ሜዳ የቀረው፣ ግማሹ ፕላስቲክ የሆነው። አትሳቂ! እኔም የሳቅኩት በኋላ ነው።

ነገሩ የጀመረው በጎረቤታችን በአያ ሰጠኝ ነው። ከአባባ ጋር ዘምቶ ክንዱን ቆስሎ የለ? በኅዳር ሐኪሞች ጠርተው አዩትና "ድኗል" ብለው የጉዳት ደረጃውን ዝቅ አደረጉት፤ ጡረታውም አብሮ ወረደ። ወር ሳይሞላ የቀበሌው መልእክተኛ ደጃችን ቆሞ "አብዱልመናን ከነእግሩ ሆስፒታል ይቅረብ" ብሎን ሄደ። ከነእግሩ! ሌላው ሰው እግሩን ቤት ትቶ የሚሄድ ይመስል።

አንቺም በስልክ ይህን ስትሰሚ "የአባባ ጡረታ ከተነካ እዚሁ ለሌላ ሁለት ዓመት የሥራ ውል እፈርማለሁ" አልሽ። እማማ ስልኩን ዘግታ ወደ ጓዳ ገባች። አባባ ደግሞ የዚያኑ ቀን የስፌት መኪናውን አንሶላ አለበሰው።

እስቲ አስቢው፣ ጥምቀት ሊደርስ ሲል! ከተማው ሁሉ ጨርቁን ተሸክሞ ወደ በረንዳችን በሚጎርፍበት ሰሞን! ትንሽ ሆነሽ ፔዳሉ አጠገብ ቁራጭ ጨርቅ አንጥፈሽ ትተኚ የነበረው ትዝ ይልሻል? "ይኼ ድምፅ ነው የሚያስተኛኝ" ትዪ ነበር። እኔ ደግሞ ሹሩባሽን ከክር ጋር አስሬ እጠብቅሽ ነበር፤ ስትነሺ ጩኸትሽ ፒያሳ ይሰማ ነበር። አባባ ከዘመቻ ተመልሶ በአዲሱ እግር ፔዳሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጠ ለት፣ መኪናው እንደ ድሮው ሲያንጎራጉር እማማ በሩን ይዛ ስታለቅስ አንቺ "ምነው፣ አባባ ደህና አይደል?" ያልሻት አይረሳኝም። ያ ድምፅ ሲጠፋ ቤቱ የሰው ቤት መሰለኝ።

"አባባ፣ ሰዉ እኮ ጨርቁን ይዞ እየተመለሰ ነው" አልኩት።

"በዚህ እግር ስሰፋ ያየኝ ሁሉ 'ድኗል' ነው የሚለኝ።"

"የተቆረጠ እግር እንደ ጎመን ያቆጠቁጣል እንዴ?"

"ዝም በል፣ ስምንተኛን መዝለቅ ያቃተህ!"

(እኔና ትምህርት ቤቱ ተስማምተን እንደተለያየን ምስክሬ አንቺ ነሽ።)

ስለዚህ ሐኪሞቹ ፊት የማንከስ ልምምድ ጀመርን። እኔ የእማማን ነጭ ሻርፕ ደርቤ ሐኪም ሆንኩ።

"እስቲ ይዝለሉ፣ አባቴ።"

"አልችልም ዶክተር፣ ያመኛል።"

"ሕመምዎ አላሳዘነኝም፤ እንደገና ከበሩ ይጀምሩ።"

ደጋግሜ ሳስጀምረው እግሩን ፈቶ ወረወረብኝ። ሪሃና፣ በአባቱ እግር ከሩቅ የተመታ ልጅ በጎንደር ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ትናንት ቀኑ ደረሰና በባጃጅ ሄድን። ዶክተሯ እታገኘሁ የምትባል የደባርቅ ልጅ ናት። አባባ እያነከሰ ገባ። ማንከስ ብቻ? በየእርምጃው "ወይኔ" ይላል! ወንበሩ ጋ ሲደርስ ዶክተሯ ቀና ብላ አየችውና፣

"አያ አብዱልመናን፣ የተጎዳው ቀኝዎ አልነበረም እንዴ?" አለችው።

ለካ የሚያነክሰው በደህናው በግራው ነው! ፕላስቲኩን ከመልመዱ የተነሳ የታመመው የቱ እንደሆነ ጠፍቶበታል። እኔ ሳቄን ለመዋጥ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። እሷም ሳቀች፤ አባባ ግን "እንደ ሰጠኝ 'ድኗል' እንዳትሉኝ ብዬ ነው" ሲላት ወንበሯን ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

"የአያ ሰጠኝ ቁስል ሊሻለው ስለሚችል መጀመሪያም ጊዜያዊ ነው፣ በኋላ እንደገና ይታያል ተብሎ ነበር። የእርስዎ ግን ከመነሻው ቋሚ ነው። ድኗል አልዳነም ብሎ የሚጠራዎት የለም።"

"በስፌት መኪና ብሠራበትስ?"

"ይሥሩበት።"

"ሰው ቢያየኝስ?"

"ይይዎት! ስለለመዱት እኮ እግርዎ አልበቀለም።"

"ታዲያ ለምን ተጠራሁ?"

"ይኼኛው አርጅቷል። አዲስ ልንለካልዎት ነው።"

አባባ፣ ለእሷም ለእኔም ሳይሆን መሬት መሬት እያየ፣ "እንግዲያ ልጄ አትፈርምም" አለ።

እኔም ያን ጊዜ ሳቄ ጠፋ። ለካ ሲያነክስ የከረመው ለጡረታው አልነበረም።

ጥምቀት አልፏል። ደንበኛችን ወይንሸት አዲሱን ቀሚሷን ሳትለብስ ቀሐ ወንዝ በመውረዷ እስካሁን ሰላም አትለንም። ግን ዛሬ ጠዋት አንሶላው ተነስቶ መኪናው ማንጎራጎር ጀምሯል። የማንን ልብስ አስቀድሞ ጀመረ ብዬ ስሄድ የአንቺን ክፍል መጋረጃ እየሰፋ አገኘሁት። "ምነው?" ስለው "አሮጌው ፀሐይ ያስገባል" አለኝ። ክፍልሽ ውስጥ ከእኔ አሮጌ ኳስ ሌላ ፀሐይ የሚነካው የለም።

እማማ ሰኪና ሰላም ብላሻለች። አላህ በሄድሽበት ይጠብቅሽ፣ ደጃችንን ረግጠሽ የምትገቢበትን ቀን ያቅርብልን። ሹሩባሽን አልነካም፣ ቃሌ ነው፤ ቢያንስ በመጀመሪያው ቀን።

ብርጭቆሽን አሁን ማንሳት ትችያለሽ። እውነቱን ልንገርሽና፣ ያ ሁሉ የመንግሥት ጥሪ ጫማ ከመለካት የማይበልጥ ነገር ነበር።

ሁላችንም ከነእግራችን የምንጠብቅሽ፣
ወንድምሽ ኢልያስ