የእጅ ሰዓትዎ ሳተላይቶቹን ስላሸነፈበት እሑድ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ጀቤሳ
የ«ሽቅብ ለጤና» የጉለሌ ሩጫ አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደ ሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። የዚያን እሑድ ፀሐይ እንዳልጎዳዎት ተስፋ አደርጋለሁ፤ ከቆርቆሮው ዳስ ስላልወጡ ሊጎዳዎት እንደማይችል ባውቅም፣ መልካም መመኘት አይከፋም። ቤተሰብዎ፣ ሾፌርዎ፣ የኮሚቴው አባላትም ሁሉ እንደምን ከረሙ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከኀፍረት በቀር የነካኝ ነገር የለም።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ዮፍታሔ እባላለሁ። ቀጨኔ፣ ከመድኃኔ ዓለም ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር ኮምፒውተር እጠግናለሁ። በሩጫው ቀን «የሰዓት ባለሙያ» የሚል ባጅ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ያለ ምንም ጉዳይ ወዲያና ወዲህ ስንጎራደድ የዋልሁት ሰውዬ እኔ ነኝ። ባጁን ማንም አልሰጠኝም፤ ራሴ ነኝ ያሳተምሁት።

ቅሬታዬን ከማቅረቤ በፊት፣ ይህን ደብዳቤ የሚያነብ የሰፈር ሰው እንዳይደናገር ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የእኛ ሩጫ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ፊሽካ ተግተልትሎ የሚነሣበት አልነበረም። መንገዱ ጠባብና ዳገት ስለሆነ ሯጮቹ ከሽሮ ሜዳ አንድ በአንድ እየተለቀቁ፣ ሽቅብ ወጥተው ከእጽዋት ማዕከሉ አቅራቢያ ካለው ሜዳ ይደርሳሉ። በዕድሜ የገፉት ቀድመው፣ ብርቱዎቹ መጨረሻ ላይ ይነሣሉ። ታች ያለው ኮምፒውተር የተነሡበትን ሰዓት ይይዛል፣ ላይ ያለው የደረሱበትን፤ የቀረው መቀነስ ብቻ ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ የሚያምረው ሁለቱ ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት ሰዓት ሲያነቡ ነው። ለዚህም ሲባል ከሁለቱም ጋር ትንንሽ አንቴና አያያዝሁ። በሰማይ የሚዞሩት ሳተላይቶች እጅግ ትክክለኛ ሰዓት በየሆዳቸው ይዘው ሳያቋርጡ ይናገራሉ፤ አንቴናው ይሰማል፣ ኮምፒውተሩም ራሱን ያስተካክላል። አባቴ ሬዲዮው «ጢጥ» ሲል ጠብቆ የግድግዳ ሰዓታችንን ያስተካክል ነበር፤ የእኔም ያው ነው፣ ጢጡ ከሰማይ መምጣቱ ብቻ ነው ልዩነቱ። ይህን ለባለቤቴ ለሲና በጋለ ስሜት ሳስረዳት፣ «ታዲያ ሰማይ የሚያህል ሰዓት ይዘህ ምሳ ላይ የማትደርሰው ለምንድን ነው?» ብላኛለች።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ፣ ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዎቼ ልለፍ።

፩. አንቴናውን ከፀሐይ ስላዳኑልኝ አመሰግናለሁ። ክቡርነትዎ ከሯጮቹ ከፊሉ ደርሰው ብርቱካን በሚልጡበት ሰዓት በዕለቱ የክብር እንግዳነትዎ መጡ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንቴናዬ በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ቆሞ ሰማይ ሰማይ እያየ፣ ትንሿ አረንጓዴ መብራትም ቦግ ብላ ሥራችን ያለ አንዳች እንከን ይሄድ ነበር። እርስዎ ግን ቀና ብለው አዩና «ይሄ ሽቦ ምንድን ነው? ካሜራ ላይ ያስጠላል፤ ወደ ዳሱ አስገቡት» አሉ። ዳሱ ቆርቆሮ ነው። የሳተላይት ድምፅ ደግሞ ከሩቅ የሚመጣ ደካማ ድምፅ ስለሆነ ቆርቆሮ አልፎ አይገባም። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ፤ ለማያውቀው ሁሉ ሳልጠየቅ የማስተምርም ሰው ነኝ። የዚያን ዕለት ግን ከአፌ የወጣው ቃል «እሺ ጌታዬ፣ እንዲያውም ጥላ ይስማማዋል» የሚል ነበር። አንቴና ጥላ እንደሚስማማው ከእኔ በፊት የተናገረ ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። አረንጓዴዋ መብራት ወዲያው ቀይ ሆነች።

፪. የእጅ ሰዓትዎን ስላዋሱን ደግሞ የበለጠ አመሰግናለሁ። ጎንበስ ብለው የኮምፒውተሩን ስክሪን አዩ፤ ከዚያ ክንድዎን ገልጠው ሰዓትዎን አዩ።

«ይሄ ነገር ተሳስቷል» አሉኝ።

«በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ነው፣ ክቡርነትዎ» አልሁ።

ራስዎን በጥሞና ነቀነቁና «ደቂቃውም የፈረንጅ ነው?» አሉ።

ሕዝቡ ሣቀ። እኔም፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ አብሬ ሣቅሁ። በእርስዎ ሰዓትና በእኔ ኮምፒውተር መካከል ድፍን ሩብ ሰዓት ልዩነት ነበር። ለስብሰባ እንዳይዘገዩ በማሰብ የእጅ ሰዓትዎን ሩብ ሰዓት አስቀድመው እንደሚሞሉ የሰማሁት ኋላ ከሾፌርዎ ነው። ድንቅ ጥበብ ነው፤ ይህ ጥበብ ባይኖር ኖሮ የዚያን ዕለት ጭራሹን አናይዎትም ነበር ማለት ነው። ያኔ ግን ቀዩን መብራት በጣትዎ እያመለከቱ «ይኸው ሳተላይቱም ትቶሃል፤ በእኔ ሰዓት አስተካክለው» አሉኝ። ኮምፒውተር ሰማዩን ስላጣ ብቻ በአንድ ጠዋት ሩብ ሰዓት አይስትም። ቢበዛ ቢበዛ ከዓይን ጥቅሻ ያነሰች ነገር ብትጎድለው ነው። ይህንንም አውቃለሁ። ነገር ግን እጅዎን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው ነበር፣ ካሜራውም ወደ እኛ ዞሮ ነበር፣ ባጄም ተቃንቶ ነበር። ስለዚህ የላይኛውን ኮምፒውተር ሰዓት በገዛ ጣቴ ሩብ ሰዓት ወደ ፊት ገፋሁት። ከዚያም አብረን ፎቶ ተነሣን። ፎቶው ላይ ፈገግ ብያለሁ፤ ሲና ሳሎን እንዳልሰቅለው ከልክላኛለች።

፫. ይህኛውን በምስጋና መልክ ለመጻፍ ሞክሬ አቅቶኛል። ከሁሉ በኋላ ከሽሮ ሜዳ የተነሣችው ሊሚ ነበረች። ሊሚ ሽሮ ሜዳ ወይዘሮ ረይሃና ሱቅ ጋቢና ነጠላ ትሸጣለች፤ ሱቁ ከመከፈቱ በፊት በየማለዳው እንጦጦን ወጥታ የምትወርድ ልጅ ናት። ለአሸናፊው የተዘጋጀው ሽልማት በወጣቶች የሩጫ ማሠልጠኛ ካምፕ አንድ ቦታ ስለነበር፣ ዓመቱን ሙሉ ያቺን እሑድ ስትጠብቅ ከርማለች። መጨረሻው ላይ ብቅ ስትል የተቀመጠው ሁሉ ብድግ አለ፤ ከእርስዎ በቀር፣ እርስዎ ስልክ ላይ ነበሩ። ያየነው ሁሉ ማን እንዳሸነፈ ለመናገር ኮምፒውተር አላስፈለገንም። የእኔ ኮምፒውተር ግን ሩብ ሰዓት ጨምሮባት ከጭራዎቹ ተርታ አስቀመጣት። እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ከደረሱት መካከል ፈጣን የተባለውን ፈልጎም አንደኛ አደረገ፤ ጡረታ የወጡትን የፖስታ ሠራተኛ አቶ ወልዱን።

ክቡርነትዎ ማይክራፎኑን ይዘው «በሳተላይት የተረጋገጠ ውጤት!» ሲሉ፣ ባጄን ገልብጬ ጽሑፉን ወደ ደረቴ አዞርሁት። አቶ ወልዱ ግን የብርቱካን ልጣጫቸውን እንደ ያዙ ተነሥተው «ጌታዬ፣ ስሕተት አለ። እኔ እኮ መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ ከጫማዬ ጠጠር አውጥቻለሁ፤ ከክርስትና ልጄም ጋር ተገናኝተን ተሳስመናል» አሉ። እርስዎም «አባት፣ ትሕትናዎ ያኮራናል» ብለው ሜዳሊያውን አጠለቁላቸው።

ሊሚ አላለቀሰችም። ላቧ ሳይደርቅ ወደ እኔ መጥታ «ጋሽ ዮፍታሔ፣ እውነት ይሄን ያህል ቆየሁ?» አለችኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ልጅቷ የጠረጠረችው እኔን ሳይሆን የገዛ እግሯን ነው። እኔስ ምን አልኋት? «እናጣራለን» አልኋት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የራሴ ድምፅ አልመሰለኝም፤ የእርስዎ መሰለኝ።

፬. በማግሥቱ አቶ ወልዱ፣ ሊሚና እኔ ቢሮዎ ድረስ መጥተን ስለተቀበሉን እናመሰግናለን። እርስዎ ከመጡ በኋላ ከደረሱት ሁሉ ላይ ሩብ ሰዓት ቢቀነስ ነገሩ እንደሚስተካከል፣ ሊሚም አንደኛ እንደምትሆን፣ ጥፋቱም የእኔ እንደሆነ በዝርዝር አስረዳሁ። እርስዎም በትዕግሥት አዳምጠው «ሪፖርቱ ወደ ላይ ሄዷል፤ ወደ ላይ የሄደ ነገር አይመለስም» አሉን። ሳተላይቶቹም ወደ ላይ የሄዱ እንደሆኑ፣ ነገር ግን እውነቱን በየቅጽበቱ ወደ ታች እንደሚልኩ በድፍረት ተናግሬአለሁ። የተናገርሁት ግን ደረጃውን ከወረድሁ በኋላ ለጥበቃው ነው። እሳቸውም «ልክ ነህ» ብለውኛል።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ኮሚቴው ስላልሰማ በአክብሮት ላሳውቅ። አቶ ወልዱ የአሸናፊነት ደብዳቤዎን ከእነ ማኅተሙ ኪሳቸው ከትተው፣ ቱታቸውን ለብሰው፣ ሊሚን አስከትለው ወደ ካምፑ ሄዱ። እኔንም «አንተም ና፤ ያበላሸኸው ሰው አንተ ነህ» ብለው ወሰዱኝ። አሠልጣኟ ሮሐ ትባላለች፤ ቆፍጠን ያለች፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ደብዳቤውን አነበበችና «ወልዱ የቱ ነው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አሉ አቶ ወልዱ።

«አባባ፣ ይሄ እኮ የወጣቶች ካምፕ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። አሸናፊው እኔ ነኝ፤ ጉልበቴ ግን ይቺ ናት» አሉና ሊሚን ከኋላቸው ስበው ከፊት አቆሟት።

ሮሐ ወደ እኔ ዞረች። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኋት፤ ባጅ አላደረግሁም። «ሰዓቱን የገፋኸው አንተ ነህ?» አለችኝ። «እኔ ነኝ» አልሁ። «ማን አዘዘህ?» ስትለኝ፣ ክቡርነትዎ፣ ስምዎ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሆኖም «ያዘዘኝስ ሰው ነበር፤ ጣቱ ግን የእኔ ነው» አልኋት። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከተናገርሁት ሁሉ የማላፍርበት ይህ ብቻ ነው።

ሮሐ የሩጫ መለኪያ ሰዓቷን ከኪሷ አወጣች። ለእኔ «አንተ ወዲያ ራቅ በል» የሚል መመሪያ ተሰጠኝ፤ ከሰዓቱ መራቄ ለሁላችንም እንደሚበጅ ስላመንሁ እስከ አጥሩ ድረስ ራቅሁ። ሊሚ መሮጥ ጀመረች። የመጀመሪያውን ዙር አቀርቅራ ነው የሮጠችው፤ በእግሯ ላይ ያደረባት ጥርጣሬ ገና አልለቀቃትም ነበር። አቶ ወልዱ ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከትተው እያፏጩ፣ እጃቸውን እያወናጨፉ «አንገትሽን ቀና! ደርሰሻል!» እያሉ ሜዳውን በጩኸት ሞሉት። ከዚያ በኋላ ቀና አለች። ክቡርነትዎ፣ ስልክ ላይ ባይሆኑ ኖሮ ያን እሑድ ያዩት የነበረው ይህንኑ ነው። ስትጨርስ ሮሐ ሰዓቷን አየች፣ ሊሚን አየች፣ እንደገና ሰዓቷን አየች። ከዚያም «ነገ ጠዋት ነይ። ጫማሽን ግን ቀይሪ» ብቻ ብላ ወደ ቢሮዋ ገባች። ልጅቷ ያኔ ነው ሣር ላይ ቁጭ ብላ ያለቀሰችው። አቶ ወልዱም አብረዋት አለቀሱ፤ እኔ አጥሩን ይዤ የእንጦጦን ዛፎች የምቆጥር መሰልሁ።

እነሆ ሊሚ ዛሬ ካምፑ ውስጥ ናት። ጫማውን ወይዘሮ ረይሃና ገዝተውላታል። ስለዚህ ክቡር ኮሚቴው ሪፖርቱን እንዲያርም አላስቸግርም፤ በእርስዎ ሪፖርት አቶ ወልዱ ለዘላለም የጉለሌ ፈጣን ወጣት ሆነው ይኑሩ፣ ደስ ብሏቸዋል፣ ሜዳሊያውንም ለዕድር ስብሰባ ያጠልቁታል። እኔም በበኩሌ ከሰፈሬ አዲስ ማዕረግ አግኝቻለሁ፤ ቀጨኔ ውስጥ ዮፍታሔን ፈልጋችሁ ብትመጡ ማንም አያውቅም፣ «ሩብ ሰዓት» ብትሉ ግን የሱቄ በር ድረስ ይሸኟችኋል።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚመጣው ዓመት ሰዓት የሚይዝልዎትን ሰው ሲመርጡ፣ «ጌታዬ» እያለ ከሚርበተበት ሰው ይጠንቀቁ። እኔ እንዳልመረጥ ማለቴ ነው።

ክቡርነትዎ በሕዝብ አገልግሎት ላይ የሚያሳዩት ቆራጥነት እያደር እንዲጨምር፣ ዳስዎም ዘወትር ጥላ እንዳይነሣው እየተመኘሁ፣ ከጫማዎ በታች ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ትሑት አገልጋይዎ
ዮፍታሔ ስብሐት
ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ቀጨኔ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ከማውጣቴ በፊት በእጅዎ ልሰጥዎት ደጋግሜ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ «አሉ፣ ኮታቸው ወንበራቸው ላይ ነው» እያለች አስገብታኛለች። ስለዚህ ደብዳቤውን ለኮትዎ አንብቤለታለሁ። ሳያቋርጠኝ እስከ መጨረሻው ያዳመጠኝ ብቸኛው ባለሥልጣን እሱ ስለሆነ፣ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።